ካሚል አራምቡርና የኦሞ ዳር የድንጋይ ዛፎች

በአርባ ምንጭ ዝናቡ ሲበረታ የኩልፎ ወንዝ ከጋሞ ደጋ አፈርና የተሰበረ ቅርንጫፍ እየገፋ ወደ ጫሞ ሐይቅ ይወርዳል። ውሃው ሲጐድል ደግሞ በዳርና በዳሩ ጭቃ ተኝቶ፣ በጭቃውም ውስጥ ቅጠልና ፍሬ፣ ቅርፊትና እንጨት ተቀብሮ ይቀራል። ይህን ከመካከላችን ያላየ የለም፤ አይቶ ቆም ብሎ ያሰበበት ግን ጥቂት ነው። ወንዝ በዳሩ የሚቀብረው ፍርስራሽ ዕድል ካገኘ የአገር ታሪክ መዝገብ ሊሆን እንደሚችል ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ዋና ከተማው መጀመሪያ ጨንቻ፣ በኋላም አርባ ምንጭ የነበረው የቀድሞው የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ወደ ደቡብ እስከ ታችኛው ኦሞ ይደርስ ነበር። በዚያ በኦሞ ወንዝ አካባቢ፣ ዛሬ ሙቀትና አቧራ በበዛበት ምድር፣ ወደ ድንጋይ የተለወጡ እንጨቶችና ፍሬዎች ከጥንቱ ደለል ውስጥ ተገኝተዋል።

በዚህ ጽሑፍ የዚያን ምድር በር ለጥናት ከከፈቱት ሰዎች የአንደኛውን፣ የፈረንሳዊውን ሊቅ የፕሮፌሰር ካሚል አራምቡርን ሕይወት ለጓደኞቻችን ባጭሩ ለማቅረብ እንሞክራለን። እኚህ ሰው በኦሞ የፈለጉት አጥንት ነበር። እኛ ግን ታሪካቸውን ስናነብ የአጥንቱ ነገር ያለ ዛፉ ነገር ጐደሎ ሆኖ ስለ ታየን፣ ሁለቱን አያይዘን ለመጻፍ ወደድን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው።

ካሚል አራምቡር በ1885 ዓመት በፌብሩዋሪ ወር በፓሪስ ከተማ ተወለዱ። በወጣትነታቸው የተማሩት የግብርና ትምህርት ነው። ስለ ጥንት አራዊት ምርምር ያደረጉት በኋላ ነው እንጂ፣ ሲጀምሩ አፈርን የሚያውቁት ዘር እንደሚዘራበትና ውሃ እንደሚጠጣ ነገር ነበር። ኑሮአቸው ወደ አልጄሪያ በወሰዳቸው ጊዜ ግን በኦራን አካባቢ ባለው ምድር ውስጥ ሌላ ዐይነት አዝመራ አገኙ፤ ይኸውም በድንጋይ ንጣፍ መካከል እንደ ታተሙ የቀሩ የዓሣ ቅርጾች ነበሩ። ዛሬ ደረቅ ኮረብታ በሆነው ቦታ ባሕር እንደ ነበረ እነዚያ ዓሦች መሰከሩላቸው። ስለ ኦራን የዓሣ ቅሪቶች የጻፉት ሰፊ መጽሐፍ በ1927 ታተመ።

በዚህ መካከል አንደኛው የዓለም ጦርነት መጥቶ ነበር። አራምቡርም እንደ ዘመናቸው ሰዎች ሁሉ ወታደር ሆነው ወደ መቄዶንያ ግንባር ዘመቱ። ሌላው ሰው ምሽግ ሲቈፍር የሚያየው አፈር ብቻ ሲሆን፣ እርሳቸው ከተሰሎንቄ አጠገብ ካለው ደለል የጥንት አጥቢ እንስሳትን አጥንት ሰበሰቡ። ይህም ስብስብ ከጦርነቱ በኋላ ተጠንቶ በ1929 ለሕትመት በቃ። እኛ ከዚህ የምንረዳው ነገር አለ። የማወቅ ፍላጎት ያደረበት ሰው ምቹ ጊዜ እስኪመጣ ቁጭ ብሎ አይጠብቅም።

ከጦርነቱ በኋላ በአልጀርስ የግብርና ትምህርት ቤት ጂኦሎጂ አስተማሩ፤ ከዚያም ወደ ፓሪስ ተመለሱ። በ1936 በፓሪስ በሚገኘው ብሔራዊ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም የጥንት ሕይወት ጥናት ወንበር ተሰጣቸው። ከእርሳቸው በፊት ይህን ወንበር ይዘው የነበሩት ስመ ጥሩው ማርሰላን ቡል ነበሩ። ነገር ግን ለአራምቡር ስም መነሻ የሆነውና እኛንም የሚመለከተው ጉዞ የተደረገው ከዚህ ሹመት ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ነው።

የኦሞ ምድር በአጥንት የበለጸገ መሆኑ ለመጀመሪያ ጊዜ የታወቀው በሃያኛው መቶ ዓመት መግቢያ ላይ ነበር። ዱ ቡር ደ ቦዛስ የተባለ ፈረንሳዊ መስፍን ከጅቡቲ ተነሥቶ በአገራችን አቋርጦ ወደ ኦሞ ወረደ። በ1902 እርሱና አብሮት የነበረው ሐኪም ኤሚል ብሩምፕት ከወንዙ ሸለቆ ቅሪቶች አነሡ። ደ ቦዛስ ግን አገሩን ሳያይ በዚያው ዓመት መጨረሻ በኮንጎ ምድር ሞተ። የተሰበሰበው ጥቂት አጥንት ፓሪስ ደርሶ ሊቃውንት አዩት፤ ከዚያ በኋላ ግን ነገሩ ሠላሳ ዓመት ያህል ተኛ።

ነገሩን የቀሰቀሱት አራምቡር ናቸው። በ1932 እና በ1933 ከሬኔ ዣኔልና ከሻፒዊ ጋር ሆነው የኦሞ የሳይንስ ተልእኮ የተባለውን ጉዞ አደረጉ። የመጡት በኬንያ በኩል፣ ያን ጊዜ ሩዶልፍ ይባል በነበረው በዛሬው የቱርካና ሐይቅ አካባቢ አድርገው ነው። ጓደኞቻቸው ስለ ሕያዋን ነፍሳትና ዕፀዋት ሲያጠኑ፣ አራምቡር በኦሞ ደለል ላይ እየተዘዋወሩ የዝሆንና የጉማሬ፣ የከርከሮና የአዞ፣ የሌላም እንስሳ አጥንት ለቀሙ። የተሰበሰበው ሁሉ ታሽጎ ወደ ፓሪስ ተጓዘ።

እንግዲህ አራምቡር በዚያ ምድር ላይ ያዩት ምን ነበር? የኦሞ ወንዝ ከደጋው ተነሥቶ ወደ ሐይቁ ሲወርድ በሚሊዮን በሚቈጠሩ ዓመታት ውስጥ አሸዋና ጭቃ እየደረበ ከመሬት ላይ መሬት ሠርቶአል። በኋላ የመሬት ቅርፊት ሲሰነጠቅና ሲያዘም፣ ያ ድርብርብ ምድር ተጋድሞ ጠርዙ ወደ ላይ ወጣ። ስለዚህ በዚያ የሚሄድ ሰው ከአንዱ ድርብ ወደ ሌላው ሲሻገር የመጽሐፍ ገጽ እንደሚገልጥ ነው። ሊቃውንት ይህን ድርብርብ በአካባቢው መንደር ስም ሹንጉራ ብለው ጠርተውታል። ውፍረቱ ከ700 ሜትር ይበልጣል፤ ዕድሜውም ከ3.6 ሚሊዮን ዓመት በፊት ጀምሮ እስከ 1 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ይደርሳል። በየመካከሉ የእሳተ ገሞራ አመድ ተነጥፎበታል። የዚህ አመድ ዕድሜ በፖታሲየምና በአርጎን መለኪያ ስለሚታወቅ፣ አመዱ በየገጹ ላይ እንደ ተጻፈ ቀን ያገለግላል።

አራምቡር በ1933 በሄዱበት ጊዜ ግን ይህ መለኪያ ገና አልነበረም። የምድሩን ዕድሜ የሚገምቱት በአራዊቱ ዐይነት ነበር። ሥራቸውን በዝርዝር ጽፈው ያሳተሙት በ1947 ነው። ከጉዞው እስከ መጽሐፉ አሥራ አራት ዓመታት መካከል ጣሊያን ኢትዮጵያን ወርራ፣ ኢትዮጵያም ነጻ ወጥታ ነበር፤ ፓሪስም በጀርመን እጅ ወድቃ ተመልሳ ነበር። ሰውዬው ኦሞን እንደገና ለማየት ቢመኙም መንገዱ ለብዙ ጊዜ ተዘጋ።

በዚህ የመጠበቂያ ዘመን አራምቡር እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። በሰሜን አፍሪቃ የፎስፌት ማዕድን ውስጥ ስለሚገኙት የጥንት አራዊት በ1952 አንድ ትልቅ መጽሐፍ አወጡ። በ1954 እና በ1955 በአልጄሪያ ተርኒፊን በተባለ ቦታ ቈፍረው የጥንት ሰዎች የሆኑ ሦስት የታች መንጋጋዎች አገኙ። ይህን ሲያደርጉ ዕድሜአቸው ሰባ ደርሶ ነበር፤ በ1955 ከሙዚየሙ ወንበር በጡረታ ወረዱ።

በዚያው ዓመት የጻፉት አንድ ጽሑፍ ግን ጠባያቸውን ከሁሉ ይልቅ ያሳየናል። ከእርሳቸው በፊት በወንበሩ የነበሩት ማርሰላን ቡል በፈረንሳይ አገር በ1908 የተገኘውን የኒያንደርታል ሰው አጽም መርምረው፣ ያ ሰው ጐባጣና አንገቱን አቀርቅሮ እየተንገዳገደ የሚሄድ ነበረ ሲሉ ጽፈው ነበር። ይህ ሐሳብ ወደ አርባ ዓመት ያህል በዓለም ሁሉ ተሰራጭቶ፣ የዋሻ ሰው ሲባል ሁሉም በአእምሮው የሚሥለው ያንን ሥዕል ሆነ። አራምቡር ግን የአንገቱን አጥንቶች ከዛሬ ሰው አጥንት ጋር አስተያይተው፣ ያ ሰው እንደ እኛው ቀጥ ብሎ የሚቆም እንደ ነበረ አስረዱ። በአንድ ሊቅ ወንበር ላይ ተቀምጦ የዚያኑ ሊቅ ስሕተት ማረም ቀላል ነገር አይደለም። በእኛ አገር ልማድ መምህርን መቃወም እንደ ድፍረት ይቈጠራል። የአራምቡርን ታሪክ ስናይ ግን የመምህር ክብር የሚጠበቀው ስሕተቱን በመሸፈን ሳይሆን፣ እርሱ የጀመረውን ምርመራ እስከ ጫፍ በማድረስ እንደ ሆነ እንረዳለን።

የኦሞ በር እንደገና የተከፈተው ከ1966 በኋላ ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ኬንያን በጐበኙ ጊዜ ሉዊስ ሊኪን አግኝተው ስለ ጥንት ሰው ጥናት ተነጋገሩ፤ ከዚያም የኦሞ ሸለቆ እንዲጠና ፈቃድ ተገኘ። በ1967 ከሦስት አገር የተውጣጣ ዓለም አቀፍ ቡድን ወደ ኦሞ ገባ። የአሜሪካኑን ክፍል ክላርክ ሐወል፣ የኬንያውን ክፍል የሉዊስ ሊኪ ልጅ ሪቻርድ ሊኪ መሩት። የፈረንሳዩን ክፍል ከወጣቱ ከኢቭ ኮፐንስ ጋር ሆነው የመሩት ካሚል አራምቡር ነበሩ። ቦታውን ካዩት ሠላሳ አራት ዓመት አልፎ ነበር። በ48 ዓመታቸው ትተውት የሄዱትን ምድር በ82 ዓመታቸው ተመልሰው ረገጡት። በታችኛው ኦሞ ፀሐይ የቆየ ሰው ይህ በዚያ ዕድሜ ምን ማለት እንደ ሆነ ያውቀዋል።

ያ የመጀመሪያ ዘመቻ ፍሬ አላጣም። የኬንያው ክፍል በኪቢሽ ዘመናዊ ሰው የሚባለውን የራስ ቅል ሲያገኝ፣ የፈረንሳዩ ክፍል ደግሞ ጥርሶቹ የረገፉ አንድ የታች መንጋጋ አገኘ። አራምቡርና ኮፐንስ ይህ መንጋጋ እስከዚያ ጊዜ ከታወቁት የተለየ ዘር ነው ብለው ፓራውስትራሎፒቴከስ ኤትዮፒከስ የሚል ስም አወጡለት። ብዙ ሊቃውንት በአንድ ጥርስ አልባ መንጋጋ አዲስ ዘር መሰየም አይገባም ብለው ስሙን ሳይቀበሉት ቀሩ። አራምቡር ይህ ክርክር ሳይፈታ፣ በ1969 በኖቬምበር ወር በፓሪስ በ84 ዓመታቸው ዐረፉ። ከሞቱ ከአሥራ ስድስት ዓመት በኋላ፣ በ1985፣ ከቱርካና ሐይቅ በስተ ምዕራብ 2.5 ሚሊዮን ዓመት ያህል ያለው የራስ ቅል ተገኘ። ያን ጊዜ ብዙዎች ወደ አሮጌው መንጋጋ ተመልሰው፣ በአገራችን ስም የተሰየመው ዘር በእርግጥ የነበረ መሆኑን ተቀበሉ። ዛሬ ፓራንትሮፐስ ኤትዮፒከስ ይባላል።

የአጥንቱ ታሪክ ይህ ነው። ግን አንድ ጥያቄ ይቀራል። ያ መንጋጋ የነበረው ፍጡር በሕይወት ሳለ ቀና ብሎ ሲያይ የሚያየው ምን ነበር? ሜዳ ነበር ወይስ ደን? ጥላው ከየትኛው ዛፍ ነበር? ፍሬ የሚለቅመውስ ከየት ነበር? አጥንት ይህን ሁሉ ሊናገር አይችልም። የሚናገረው ዛፉ ራሱ ነው።

ዛፍ ድንጋይ የሚሆነው እንዲህ ነው። ወንዙ ሞልቶ ሲፈስ ግንድና ቅርንጫፍ ይጥላል፤ ጭቃና አሸዋም ወዲያው ይሸፍነዋል። ነፋስና ፀሐይ ካላገኙት፣ ምስጥም ካልበላው፣ እንጨቱ ቶሎ አይበሰብስም። በኦሞ እንደ ተደረገው የእሳተ ገሞራ አመድ በላዩ ሲነጠፍ፣ ውሃ በአመዱ ውስጥ ሲያልፍ ሲሊካ የተባለውን ማዕድን አሟሙቶ ይዞ ይወርዳል። ያ ማዕድን በእንጨቱ ጥቃቅን ጐድጓዶች ውስጥ እየገባ ይረጋል። በመጨረሻ እንጨቱ ድንጋይ ይሆናል፤ ውሃ የሚመጠጥባቸው ቧንቧዎች፣ ቃጫው፣ መስመሩ ሁሉ ግን እንደ ነበሩ ይቀራሉ። ባለሙያ ድንጋዩን እንደ ወረቀት አሳስቶ ቈርጦ በማይክሮስኮፕ ሲያየው፣ የምን ዛፍ እንደ ነበረ ከሕያዋን ዛፎች ጋር አስተያይቶ ሊያውቅ ይችላል። የኦሞን የድንጋይ እንጨቶች በዚህ መንገድ ከመረመሩት አንዱ ቤልጅጋዊው ሮዤ ዴሻን ነው።

አራምቡር ከሞቱ በኋላ የፈረንሳዩ ክፍል በኮፐንስ መሪነት እስከ 1976 ድረስ ሥራውን ቀጠለ። በዚያ ዘመን ሬሞንድ ቦንፊይ የተባለች ሴት ሊቅ ከኦሞ ደለል ውስጥ በዓይን የማይታየውን የአበባ ብናኝ እየለየች መቍጠር ጀመረች። የአበባ ብናኝ ቅርፊቱ እጅግ ጠንካራ ስለ ሆነ አየር በማያገኘው ጭቃ ውስጥ ለብዙ ሚሊዮን ዓመታት ይቈያል። እያንዳንዱ ዕፅ የራሱ የሆነ መልክ ያለው ብናኝ አለው። ስለዚህ በአንድ ድርብ ውስጥ የዛፍ ብናኝ ቢበዛ ደን፣ የሣር ብናኝ ቢበዛ ሜዳ እንደ ነበረ ይገመታል። ከዚህ ቈጠራ የተገኘው ነገር፣ ከ3 ሚሊዮን እስከ 2 ሚሊዮን ዓመት ባለው ዘመን ውስጥ የዛፉ ድርሻ እያነሰ፣ ሣሩ እየበረታ፣ አየሩም እየደረቀ መሄዱ ነው። የአራዊቱም አጥንት ይህንኑ መሰከረ። አራምቡር የለቀሙትና ያስለቀሙት አጥንት ሙሉ ትርጕም ያገኘው የአበባ ብናኙ በአጠገቡ ከቆመ በኋላ ነው ብንል ሐሰት አይሆንም።

ነገር ግን አገሩ ሲደርቅ ወንዙ ዛፉን ሁሉ አልጣለም። ቦንፊይ ከዕፀዋት ሊቅ ከሬኔ ለቱዜ ጋር በ1976 ባሳተመችው ጽሑፍ፣ ከኦሞ ሸለቆ የተገኙ ወደ ድንጋይ የተለወጡ ፍሬዎችን ገልጻለች። ፍሬዎቹ አንትሮካርዮን የተባለ ዛፍ ናቸው። ይህ ዛፍ ከማንጎ ቤተ ዘመድ ነው፤ እንደ ማንጎም በውስጡ ጠንካራ ዘር አለው። ዛሬ ዘመዶቹ የሚበቅሉት በምዕራብና በመካከለኛው አፍሪቃ እርጥብ ደን ውስጥ ነው። እንግዲህ በዙሪያው ያለው ሜዳ እየደረቀ ሳለ፣ በኦሞ ዳር እርጥበት የሚወድ ደን ቆሞ፣ ፍሬውን ወደ ወንዙ ጭቃ ያረግፍ ነበር ማለት ነው።

እኛ የአርባ ምንጭን ማንጎ እየበላን ዘሩን የምንወረውር ተማሪዎች ይህን ለመረዳት ሩቅ ማሰብ አያሻንም። ከከተማችን በታች ያለውን ደን እንመልከት። ዳገቱ ቍጥቋጦና ደረቅ ሣር ሲሆን፣ ከገደሉ ሥር ምንጮቹ በሚፈልቁበት ቦታ ሾላውና ሌላው ትልልቅ ዛፍ ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ሆኖ ይኖራል። ደኑን ያቆመው ከሰማይ የሚወርደው ዝናብ ብቻ ሳይሆን ከመሬት የሚወጣው ውሃ ነው። የጥንቱ የኦሞ ዳር ደንም በደረቅ አገር መካከል የቆመው በወንዙ ውሃ ነበር። ከሁለት ሚሊዮን ዓመት በፊት የነበረውን መልክ የምናየው በሙዚየም መስታወት ውስጥ ብቻ ሳይሆን በእግራችን በምንደርስበት ስፍራ ነው። ያን ደን ለማገዶና ለከሰል መጨረስ የአንድ መጽሐፍ የመጨረሻ ቅጂ እንደ ማቃጠል ይቈጠራል።

ስለ ፕሮፌሰር አራምቡር ስንጽፍ ምስጋና ብቻ ማቅረብ ግን ግማሽ እውነት ይሆናል። በ1933 የተሰበሰበው ቅሪት ወደ ፓሪስ ሙዚየም ሄዶአል። ያን ጊዜ በአገራችን እንዲህ ያለውን ነገር የሚቀበል ሙዚየም፣ የሚመረምርም ሊቅ አልነበረም። ስለዚህ የአገራችን ድንጋይ በሌላ አገር ቋንቋ ተነበበ። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ተለውጦአል፤ የኦሞ ቅሪቶች በአዲስ አበባው ብሔራዊ ሙዚየም ይጠበቃሉ፤ የታችኛው ኦሞ ሸለቆም በ1980 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቦአል። እንደ ዶክተር ብርሃኔ አስፋው ያሉ ኢትዮጵያውያን ሊቃውንትም በሙያው ስማቸው በዓለም ታውቆአል። ነገር ግን የአጥንት ሊቃውንት ስናፈራ የጥንት ዕፀዋትን የሚያነቡ ሰዎች ገና ጥቂት ናቸው። በኦሞ ብቻ አይደለም፤ ከጎንደር በስተ ምዕራብ በጭልጋ ወደ 27 ሚሊዮን ዓመት፣ በደብረ ብርሃን አካባቢ በሙሽ ሸለቆ ወደ 22 ሚሊዮን ዓመት የሚሆናቸው ቅጠሎች በደለል ውስጥ ታትመው ተገኝተዋል። አንባቢ የሚጠብቀው መጽሐፍ ብዙ ነው።

እኛ የጽሑፍ ትምህርት ተማሪዎች በዚህ ነገር ምን አገባን የሚል ሰው ሊኖር ይችላል። አራምቡርም ግብርና የተማሩ ሰው ነበሩ፤ ምን አገባኝ ቢሉ ኖሮ የኦራን ዓሣ ዓሣ ሆኖ በቀረ ነበር። ከመካከላችን ወደ ደቡብ ኦሞ ቤተሰቡ የሚሄድ ጓደኛችን የዛፍ መልክ ያለው ድንጋይ ሲያገኝ፣ ለጌጥ ብሎ አንሥቶ በቦርሳው እንዳይዘው እንለምነዋለን። ከድርቡ የተነቀለ ድንጋይ ዕድሜው አይታወቅም፤ ከመጽሐፉ ተቀድዶ የወደቀ ገጽ ነው። ቦታውን በልቡ ይዞ ለሚመለከተው ሰው ቢያሳይ፣ ያ አንድ ሥራ ነው።

አራምቡር የኦሞን ምድር ሁለት ጊዜ ለማየት ሠላሳ አራት ዓመት ጠበቁ፤ የሰየሙት ስም ተቀባይነት ሲያገኝ እርሳቸው በሕይወት አልነበሩም። ያለፉበትን አፈር ሌሎች እንደገና ወንፍተው፣ እርሳቸው ያልፈለጉትን እንጨትና ፍሬ አነሡ። ትልቅ ሥራ የሚባለው ሁሉ እንዲህ ሳይሆን አይቀርም፤ አንዱ በሩን ይከፍታል፣ ሌላው ገብቶ የቀረውን ያያል። ኩልፎም ዛሬ በዳሩ ቅጠል መቅበሩን አልተወም። የኦሞን መዝገብ ከእንግዲህ የሚያነበው ማን እንደ ሆነ ግን የሚወስነው የእኛ ትጋት ነው።